ከምሰሶ እስከ ሳሎን፦ በደሴና በኮምቦልቻ የፋይበር ኢንተርኔት እንዳይቆራረጥ

ደሴ ላይ ፋይበር ለማስገባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ ልውሰድ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ለሚጠፋ መስመር 10 ሜጋም ሆነ 50 ሜጋ አንድ ነው። ከቴሌ ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ሰፈሩ ማከፋፈያ ሳጥን ያለው መስመር የድርጅቱ ኃላፊነት ስለሆነ ደንበኛው ብዙ የሚያደርግለት ነገር የለም። ከሳጥኑ እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ስልክዎ ያለው ግን በእጅዎ ነው። ለጥገና ስጠራ የማገኘው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከዚችው አጭር መንገድ አይወጣም፦ የተቀጠፈ ገመድ፣ የቆሸሸ ጫፍ፣ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ መሣሪያ፣ ከቆርቆሮ ጀርባ የተደበቀ ዋይፋይ። መመሪያው ያንኑ መንገድ ተከትሎ ይሄዳል።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ

የቤት ፋይበር በአብዛኛው የሚዘረጋው ጂፖን በሚባለው ስልት ነው። ከጣቢያው አንድ ፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን የሚያደርስ ቀጭን የመስታወት ክር፣ ይወጣል፤ በመንገድ ላይ ስፕሊተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያካፍለዋል። በዚያ አንድ ፋይበር ወደ ደንበኞች የሚወርደው ጠቅላላ አቅም 2.5 ጊጋቢት በሰከንድ ገደማ፣ ከደንበኞች የሚመለሰው ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። ቁልቁል የሚመጣው ብርሃን 1490፣ ሽቅብ የሚሄደው 1310 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው በአንዲት ቀጭን መስታወት ውስጥ ሳይደባለቁ ይተላለፋሉ።

ከዚህ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ስፕሊተሩ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በጣቢያውና በቤትዎ መካከል መብራት ሲሄድ የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ ቤትዎ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ስለተከፈለ የሚባክን ትርፍ የለውም።

1. ከማመልከትዎ በፊት ሰፈሩን ይዩ

ወደ ቅርንጫፍ ከመሄድዎ በፊት በአካባቢዎ ያሉትን ምሰሶዎች ቀና ብለው ይዩ። ጠፍጣፋ ጥቁር ገመዶች የሚወጡበት ሳጥን ካለ ማከፋፈያው እሱ ነው። ፋይበር ያስገባ ጎረቤት ካለ የአገልግሎት ቁጥሩን ይጠይቁት፤ ቅርንጫፍ ሲደርሱ «የእገሌ ጎረቤት ነኝ» ከማለት ይልቅ ቁጥሩን መስጠት ሳጥኑን ለማግኘት ያፋጥናል። እዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው በዚያ ሳጥን ውስጥ ክፍት ወደብ፣ ማለትም ያልተያዘ የገመድ መሰኪያ፣ መኖሩ ነው። ገመዱ በአጥርዎ ላይ ቢያልፍ እንኳ ወደቡ ከሞላ መጠበቅ ግድ ነው።

ርቀቱንም ይገምቱ። ደሴ ላይ ዓይን ያታልላል፤ የጦሳን ግርጌ ተከትለው ዳገትና ቁልቁለት ላይ በተደረደሩ ሰፈሮች፣ ከመንገዱ 30 ሜትር የሚመስል ቤት ገመዱ በአጥርና በጣሪያ ዞሮ ሲደርስ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለትርፍ 10 ሜትር ያህል ይጨምሩ።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ አይጨነቁ። የቪዲዮ ጥሪ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት፣ ጥራት ያለው ፊልም 5 ሜጋቢት ገደማ ይበቃዋል። የደኅንነት ካሜራ ከሩቅ የሚከታተሉ ከሆነ ግን አንዱ ካሜራ ብቻ ያለማቋረጥ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት ወደ ላይ ይልካል፤ የመላኪያውን ፍጥነት ለይተው ይጠይቁ። «10 ሜጋ ከፍዬ በሰከንድ 1 ሜጋ ብቻ ያወርዳል» ብሎ የሚያማርርም አለ። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ማንም አልሸወደውም።

2. የገመዱን መንገድ ራስዎ ይምረጡ

ባለሙያው በመጣ ዕለት ቤት ይገኙ። ከሥራው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ባለሙያው ብዙ ቤት ስላለበት አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ አጭሩ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መሀል ወይም በጎረቤት ጣሪያ ላይ የሚያልፈው ነው። ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ገመዱን ይፈትገዋል፤ የጎረቤት ጣሪያ ሲታደስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የእርስዎ ገመድ ነው።

ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ገመድ መሀሉ ላይ ፋይበሩ፣ አንድ ጎኑ ላይ ጠንካራ የብረት ሽቦ አለው። ክብደቱን መሸከም ያለበት ብረቱ ነው። ቤቱ ላይ ሲደርስ ብረቱ ከፋይበሩ ተለይቶ ግድግዳ ላይ በተመታ ማንጠልጠያ መታሰር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ፋይበሩ ሳይወጠር ይገባል። ብረቱ ወደ ቤት ውስጥ አይግባ። መስታወት መብረቅ አይስብም፣ ብረት ግን ይስባል፤ የክረምት ነጎድጓድ ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው አይነገርም።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በበልግም በክረምትም ዝናብ አታጣም፤ ብዙ ቤትም ከምሰሶው ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ገመዱ ከላይ ወደ ታች ሲመጣ የዝናቡ ውኃ በገመዱ ላይ ተንሸራትቶ በቀጥታ በግድግዳው ቀዳዳ ይገባል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ገመዱ ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይታጠፍ። ውኃው በዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠብና ይቀራል። ቀዳዳው ሲሰረሰርም ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፤ ገመዱ ካለፈ በኋላ በሲሊኮን ይደፈን። በአሸንዳ ውስጥ ወይም አሸንዳው በሚያፈስበት ሥር ገመድ እንዲያልፍ አይፍቀዱ።

ኮምቦልቻ ላይ ሥጋቱ ሌላ ነው። ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ከነኮንቴይነሩ ከ4 ሜትር በላይ ይቆማል። መንገድ የሚያቋርጥ ገመድ ከ5 ሜትር ከፍታ በታች ከተንጠለጠለ ቀኑን ነው የሚጠብቀው። ገመዱ በሙቀትና በጊዜ ብዛት እንደሚረግብም አስበው ከፍ ያድርጉት። መንገድ ዳር ከሆኑ ደግሞ፣ በሁለቱም ከተማ የኮሪደር ልማት ቁፋሮ በሚደረግበት አካባቢ መስመሩ በላይ ይሁን በመሬት ውስጥ ቀድመው ይጠይቁ።

ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ሽቦ ጋር የሚነካካ ሥራ ራስዎ አይሞክሩ። ይህ ለባለሙያ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ሲገባ ጠላቱ ማዕዘን ነው። ብርሃን የሚሄድበት የፋይበሩ እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ገመዱ በጣም ሲጠመዘዝ ብርሃኑ በጎን ያመልጣል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የትኛውም ጥምዝ ከቡና ሲኒ አፍ አይጥበብ። ለመጠምዘዝ ተብለው የተሠሩ የፋይበር ዓይነቶች ከዚያ ጠበብ ያለ ጥምዝ ይችላሉ፤ ቤትዎ የገባው የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ግን በሲኒው ይለኩ። በበር መዝጊያ ሥር፣ በአልጋ እግር ሥር፣ በሚስማር ተመትቶ የተያዘ ገመድ አይኑር። ክሊፕ ይጠቀሙ፤ ወይም በኮንዲዩት (በገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) ውስጥ ያሳልፉት። አይጥ ካለ ኮንዲዩቱ ግዴታ ነው። ትርፉን ገመድ አይቁረጡት፤ በሰፊው ጠቅልለው ይስቀሉት፤ ነገ ጫፉ ሲበላሽ እንደገና የሚሠራው ከዚያ ተቆርጦ ነው።

3. የመሣሪያው ቦታ

ሞደሙ፣ ማለትም ፋይበሩ የሚሰካበት የቤት መሣሪያ፣ ከቤቱ መሀል፣ ከወገብ በላይ፣ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ። አብዛኛው የቤት ሞደም እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ቤት፣ ያንን ማለፍ ቀላል ነው። እናቶቻችን ደግሞ ቴሌቪዥኑን ባለበሱበት ዳንቴል ሞደሙንም ይሸፍኑታል። አቧራ እንዳይነካው ብለው ነው፤ ልባቸው ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሞደሙ ይታፈናል፤ ሲግልም ራሱን እያጠፋ ያስነሣል። ዳንቴሉን በአክብሮት አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ያንጥፉት፤ ሞደሙን ከላዩ ያስቀምጡት። እማማም አይከፋቸውም።

4. ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ቁጥሩን ይቀበሉ

«ሠርቷል» ተብሎ መፈረም አይበቃም። ባለሙያው ፓወር ሜትር የሚባል የብርሃን መለኪያ ይዟል፤ ወደ ቤትዎ የሚደርሰውን ብርሃን በ1490 ናኖሜትር እንዲለካ ይጠይቁት። መልሱ ማይነስ ያለው ቁጥር ነው፤ መለኪያው ዲቢኤም ይባላል፤ በመንገድ የሚጠፋው ብርሃን ደግሞ በዲቢ ይለካል። ከማይነሱ በኋላ ያለው ቁጥር ባደገ መጠን ብርሃኑ ደካማ ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚናገር ለማወቅ እንዲህ እናስላው።

ጣቢያው ብርሃኑን በፕላስ 3 ላከው እንበል። 5 ኪሎ ሜትር ፋይበር በየኪሎ ሜትሩ ሩብ ዲቢ ቢበላ 1.25 ሄደ። ለ8 የሚከፍሉ ሁለት ስፕሊተሮች ተከታትለው ቢኖሩ እያንዳንዳቸው 10.5 ገደማ ስለሚወስዱ 21 ሄደ። አራት ኮኔክተሮች (የገመድ ጫፍ መሰኪያዎች) በ0.3 ሒሳብ 1.2፤ በሙቀት የተበየዱ መጋጠሚያዎች በድምሩ ግማሽ። ሁሉም ሲደመር 24 ገደማ ነው፤ ቤትዎ የሚደርሰው ማይነስ 21 ይሆናል። የተለመደው ሞደም ማየት የሚችለው እስከ ማይነስ 27 ነው። መጠባበቂያው 6 ዲቢ ብቻ ሆነ። በዚህ ስሌት 3 ዲቢ መቀነስ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ማነስ ስለሆነ አንድ የተቀጠፈ ጥምዝና አንድ የቆሸሸ ጫፍ ያንን መጠባበቂያ ሊጨርሱት ይችላሉ። ዕለቱን ይሠራል፤ በኋላ ግን ይቆራረጣል።

በእኔ ግምት ከማይነስ 15 እስከ ማይነስ 24 ያለ ቁጥር በሰላም ያኖራል። ማይነስ 25ና ከዚያ በታች ከሆነ «ይሠራል» ቢባልም ጫፉ እንዲጸዳ ወይም እንደገና እንዲሠራ ይጠይቁ። ከማይነስ 8 በላይ የበረታ ብርሃንም ለሞደሙ ጤና አይደለም፤ ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም። ቁጥሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ሞደሙ ጎን ላይ ይለጥፉ። ብዙ ሞደሞች በራሳቸው ገጽ ላይ ይህንኑ ቁጥር ያሳያሉ፤ የገጹ አድራሻ ከመሣሪያው ጀርባ ታትሟል።

ስለ ጫፉም ይህን ይወቁ። አረንጓዴው ኮኔክተር አፉ በ8 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ ቢገጣጠሙ ይገባሉ፣ ነገር ግን አፍ ለአፍ አይገናኙም፤ ብርሃኑ ይባክናል። ጫፉን በጣት አይንኩ፣ በአፍ አይንፉ፣ በሻሽ ወይም በልብስ ጫፍ አይጥረጉ። የሚጸዳው ጭረት በማይተው መጥረጊያና 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ ሽቶና የእጅ ሳኒታይዘር ቅሪት ይተዋሉ። ወደ ጫፉ በዓይን አይመልከቱ፤ ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል። ባለሙያው የቆረጣቸውን ስባሪ መስታወቶችም በፕላስተር ለቅመው ይጣሉ፤ ወለል ላይ ከቀሩ የልጅ እግር ውስጥ ይገባሉ።

5. መብራት ሲሄድ እንዲቀጥል

ጣቢያው ባትሪና ጄኔሬተር ካለው፣ ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልም ኢንተርኔት ሊቀጥል ይችላል። የሚያስፈልገው የእርስዎ ሞደም መብራት ማግኘቱ ብቻ ነው። የሞደሙን ቻርጀር ያንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ይላል። ከዚያ ጋር የሚስማማ ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ መሣሪያ፣ መግዛት ይቻላል። አለዚያም 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 10 ዋት የሚበላ ሞደምን፣ ባትሪው ጨርሶ እንዳይራቆት ጥቂት እየተረፈ፣ 5 ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ቮልቱ ከተለየ ወይም ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ሞደሙ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከመሰካትዎ በፊት ያስለኩ።

ሞደም ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የመብራቱ መሄድ ሳይሆን መምጣቱ ነው። ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል፤ በተለይ ከባድ ማሽን በሚሠራበት የኮምቦልቻ አካባቢ። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት እንደሄደ ይንቀሉ፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። በነጎድጓድ ጊዜም የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ይንቀሉ።

6. ዋይፋዩን ከፋይበሩ ይለዩ

«ፋይበሩ ደካማ ነው» ከሚለው ስሞታ ብዙው የዋይፋይ ነው። ለማረጋገጥ ኮምፒውተር በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰክተው ፍጥነቱን ይለኩ። በገመድ የከፈሉትን ያህል ካገኙ ቴሌን መውቀስ አያስፈልግም። ምሽት ላይም ይለኩት፤ የምሽቱና የንጋቱ በጣም ከተራራቁ መጨናነቁ ከውጭ ነው።

ዋይፋይ በጭቃ ግድግዳ ያልፋል፣ በብሎኬት ይደክማል፣ በቆርቆሮ ግን ይመለሳል። በአንድ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተለበጡ ሁለት ቤቶች ካሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይደርሳል ብለው አይጠብቁ። 2.4 ጊጋኸርዝ ርቆ ይሄዳል ነገር ግን የጎረቤቱ ሁሉ መጨናነቂያ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ በግድግዳ ግን ቶሎ ይደክማል። በ2.4 ላይ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ይምረጡ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ፎቅ ላለው ቤት ወይም ለእንግዳ ማረፊያ በየፎቁ አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) በገመድ ያድርሱ። ካት 5ኢ የተባለው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር 1 ጊጋቢት ይሸከማል። ሞገድ ተቀብሎ የሚያስተጋባው ማራዘሚያ ርካሽ ነው፤ ፍጥነቱን ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ እኔ አልመክረውም። ከቤት ወደ ቤት በሜዳ ላይ የሚዘረጋ የመዳብ ገመድም መብረቅን ወደ ሁለቱም ቤት ይጋብዛል። አቅም ከፈቀደ በሁለቱ ቤቶች መካከል ትንሽ ፋይበር ከሚዲያ ኮንቨርተር (ብርሃኑን ወደ ኔትወርክ ገመድ ከሚቀይር መሣሪያ) ጋር ያስዘርጉ።

7. ሲቋረጥ መብራቶቹን ያንብቡ

ሪሴት የምትለዋን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ አይጫኑ። የመስመሩ መጠሪያና የይለፍ ቃል ይጠፋና ደኅና የነበረው መስመር ባለሙያ እስኪመጣ ይቆማል። ከገበያ የተገዛ ሌላ ሞደም መሰካትም አያዋጣም፤ ጣቢያው መሣሪያውን የሚያውቀው በመለያ ቁጥሩ ስለሆነ ሳይመዘገብ አይቀበለውም።

«ሎስ» (LOS) የምትለዋ የሞደሙ መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች ብርሃን እየደረሰ አይደለም። አረንጓዴው ኮኔክተር በደንብ መግባቱን፣ ገመዱ የተቀጠፈበት ቦታ መኖሩን ይዩ፤ ከዚያ ጎረቤት ይጠይቁ። ጎረቤትም ከጠፋበት ችግሩ ከሳጥኑ ወይም ከዋናው መስመር ነው። «ፖን» (PON) የምትለዋ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ከቆየች ብርሃኑ ደርሷል፣ ምዝገባው ግን አልተሳካም፤ ወይ ብርሃኑ ደክሟል ወይ ከጣቢያው በኩል የሚስተካከል ነገር አለ። «ፖን» ቀጥ ብላ በርታ ኢንተርኔት ከሌለ ሒሳብዎን ይዩ፤ ያልተከፈለ ወር ሊሆን ይችላል። ሁሉም በርተው ኢንተርኔቱ ከዘገየ ወደ 6ኛው ክፍል ይመለሱ።

ለፋርማሲ፣ ለሆቴል ወይም ለመሰል ድርጅት፣ ቀኑን ሙሉ መቋረጥ ለማይችል ሥራ፣ ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር መጠባበቂያ ይሁን። ሲሙ ፋይበሩን ከሚሰጠው የተለየ ኩባንያ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ዋና መስመር ሲቆረጥ የአንድ ድርጅት ፋይበርና ሞባይል አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

ወደ 994 ሲደውሉ «ኢንተርኔት የለም» ብቻ አይበሉ። የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ የትኛዋ መብራት በምን ዓይነት ሁኔታ ላይ እንዳለች፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ፣ ጎረቤት እንዳለው ወይም እንደሌለው፣ የሞደሙ ገጽ ከከፈተ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የጻፉትንና የዛሬውን የብርሃን ቁጥር ይንገሩ። ቁጥሩ ከማይነስ 21 ወደ ማይነስ 26 ወርዶ ከሆነ የሚላከው ባለሙያ መሰላልና የጫፍ መሥሪያ ይዞ መምጣት እንዳለበት ከወዲሁ ያውቃል። የአቤቱታ መከታተያ ቁጥሩን ተቀብለው ሞደሙ ላይ ከለጠፉት ወረቀት ሥር ይጻፉት።